ከክንድ የማይበልጥ ሥዕል

*ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ ግድግዳ፣ ኮረብታ፦ ሠዓሊዎች በትንሽ ሸራ ላይ እነዚህን ደጋግመው የሚሠሩት ለምንድን ነው?*

በሰሜን ጣሊያን፣ በቦሎኛ ከተማ፣ ቪያ ፎንዳዛ በሚባለው ጎዳና ላይ ቁጥር 36 የሆነው ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ጎብኚዎች የሚመጡት አንዲት ክፍል ለማየት ነው። ነጠላ አልጋ አለ፤ ኢዝል የሚባለው የሸራ ማቆሚያ አለ፤ ቁመታቸው የተለያየ ጠረጴዛዎች አሉ። የቀረው ሁሉ ዕቃ ነው። አንገተ ረጃጅም ጠርሙሶች፣ ማንቆርቆሪያዎች፣ የቆርቆሮ ጣሳዎች፣ የዘይት ፋኖስ፣ ሰው ሠራሽ አበባ የያዘ የአበባ ማስቀመጫ። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ በላያቸው ያረፈው አቧራ እንዲነካ አይፈልግም ነበር።

ባለቤቱ ጆርጆ ሞራንዲ ነው። በ1890 ቦሎኛ ውስጥ ተወለደ፤ ከ1910 ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 1964 ድረስ በዚሁ ጎዳና ኖረ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ትዳር አልያዘም። ከእናቱና ከሦስት እህቶቹ ጋር ይኖር ነበር፤ የሚተኛበትም የሚሠራበትም ክፍል ያው አንዱ ነው። ከጣሊያን ድንበር ወጥቶ ስዊዘርላንድን ያየው ስድሳዎቹን ካጋመሰ በኋላ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከ1,300 በላይ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ሠርቷል፤ አብዛኞቹ ስፋታቸው ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ይዘታቸውም ሁለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፦ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዕቃ፣ አለዚያም ከመስኮት ወይም ከኮረብታ የሚታይ መልክዓ ምድር።

ይህ ሰው በ1948 በቬኒስ ቢየናሌ የሥነ ጥበብ ትዕይንት ለጣሊያን ሠዓሊ የሚሰጠውን ከፍተኛ ሽልማት ወሰደ። በ1957 ደግሞ በሳኦ ፓውሎ ቢየናሌ፣ ማርክ ሻጋልን የመሰለ ስመ ጥር ሠዓሊ በተገኘበት ውድድር፣ የሥዕሉን ታላቅ ሽልማት አገኘ። ዓለም በግዙፍ ሸራዎች በተጥለቀለቀበት ዘመን የጥቂት ጠርሙሶች ሥዕል አሸነፈ።

ፈተና ሆኖ የቀረ ዘርፍ

ስቲል ላይፍን፣ ማለትም የተደረደረ ዕቃ ሥዕልን፣ በአገራችንም የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ጀበና፣ ሁለት ሲኒ፣ ብርቱካን፣ የተጨማደደ ጨርቅ፣ ከጎን የሚመጣ መብራት። ዓለ ፈለገ ሰላም በ1957 ከመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጀምሮ ተማሪዎች እጃቸውን የሚያፍታቱት በዚህ ነው። ጥላ ወዴት ይወድቃል? ክብ ነገር እንዴት ክብ ሆኖ ይታያል? ጀርባው ያለው ግድግዳ ከጀበናው ይጨልማል ወይስ ይነጣል? እነዚህ ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ ግን ብዙው ተማሪ ጀበናውን ትቶ ይሄዳል። መምህራን እንደሚሉት ስቲል ላይፍ ተማሪው የሚያልፈው ፈተና እንጂ የሚኖርበት ቤት ተደርጎ አይታይም።

ንቀቱ የኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው አንድሬ ፌሊቢያን በ1667 የሥዕል ዘርፎችን በደረጃ ሲያስቀምጥ ታሪካዊና ሃይማኖታዊ ሥዕልን ከላይ፣ ነፍስ የሌለውን ዕቃ የሚሥለውን ከታች አድርጎ ነበር። መልክዓ ምድርም ከታችኞቹ ተመድቧል። የፓሪሱ ዣን ሲሜዮን ሻርዳን በ1728 ወደ ንጉሣዊው አካዳሚ ሲገባ የተመዘገበው በዚሁ ዝቅተኛ ደረጃ፣ የእንስሳትና የፍራፍሬ ሠዓሊ ተብሎ ነው። ሆኖም በዘመኑ ከነበሩት የታሪክ ሠዓሊዎች የብዙዎቹ ስም ሲረሳ የሻርዳን የመዳብ ድስትና የውኃ ብርጭቆ ዛሬም ሉቭር ውስጥ ሰው ያስቆማል። ሞራንዲም ከሚያደንቃቸው ጥቂት ሠዓሊዎች አንዱ ሻርዳን ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሥዕል ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለት ትልቅ ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ፣ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት። ይህ ግን የታሪካችን አንዱ ገጽ ብቻ ነው። በጎንደር ዘመን የተሠሩትን፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠሉትንና እንደ መጽሐፍ የሚታጠፉትን ትናንሽ ሥዕለ አድኅኖዎች ያየ ሰው በመዳፍ ልክ እንጨት ላይ ምን ያህል ነገር እንደሚሰፍር ያውቃል። እነዚያ የተሠሩት አንድ ሰው ከፊቱ አቅርቦ እንዲጸልይባቸው ነው። ዓላማው ከሞራንዲ ጠርሙስ ጋር አይገናኝም፤ በሥዕሉና በተመልካቹ መካከል ያለው ርቀት ግን ያው ነው።

> ግዙፍ ሥዕል አዳራሽ ሙሉ ሰው ይጠራል፤ ትንሽ ሥዕል አንድ ሰው ብቻ ጠርቶ አጠገቡ ያቆመዋል።

ጠርሙሱ ከመሣሉ በፊት

የሞራንዲን አሠራር ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ድካሙ በብዛት ብሩሽ ከመነሣቱ በፊት ነው።

ከዕቃዎቹ አንዳንዶቹን የሚገዛው ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ነበር፤ ሌሎቹ የቤት ውስጥ ተራ ዕቃዎች ናቸው። መጀመሪያ የተለጠፈባቸውን ወረቀት ያነሣል። የመስታወት ጠርሙስ ከሆነ ብርሃን እያንጸባረቀ ያስቸግራል፤ ስለዚህ አንዳንዱን ውስጡን በቀለም ይሞላዋል፣ አንዳንዱን ውጩን ይቀባዋል። አቧራው ሲጨመርበት ጠርሙሱ ጠርሙስነቱን ያጣል። የመድኃኒት ይሁን የወይን መለየት ያቅታል። የሚቀረው ቅርጽ፣ ቁመትና ብርሃን የሚቀበል ገላ ነው።

ቀጥሎ ድርደራው ይመጣል። ጠረጴዛዎቹ ቁመታቸው የተለያየው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከፍ ባለው ላይ የተቀመጠ ዕቃ በዓይን ትይዩ ስለሚሆን ግድግዳ መስሎ ይቆማል፣ ዝቅ ባለው ላይ ያለው ደግሞ አፉና የቆመበት ወለል ይታያል። በጠረጴዛው ላይ ወረቀት ያነጥፋል፤ ዕቃው የተቀመጠበትን ቦታ በእርሳስ ዙሪያውን ያሰምራል። ነገ ወይም በሚቀጥለው ወር ወደዚያው ቦታ መመለስ እንዲችል ነው። እነዚያ ወረቀቶች ዛሬም አሉ። ክብ በክብ ላይ፣ መስመር በመስመር ላይ ተደራርቦባቸዋል፤ አንዱ ጣሳ ሁለት ጣት ወደ ግራ መሄዱን፣ ከዚያም ግማሹን መንገድ መመለሱን ያሳያሉ።

የትኞቹ ጠርሙሶች ከየትኛው የጠረጴዛ ልብስ ቀለም ጋር እንደሚሄዱ ለመወሰን ሳምንታት ይፈጅበት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ሥዕሉ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በጥቂት መቀመጫ ያልቃል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በሠራቸው ላይ ይህ ግልጽ ነው፤ የብሩሹ መስመር አንዴ ሄዷል፣ አልተመለሰም።

አንድ ሥዕል ላይ ቆም እንበል፤ ከ1950ዎቹ ብዙዎቹ የሚመስሉትን ዓይነት። አራት ወይም አምስት ዕቃዎች በሸራው መሃል ተጠጋግተው ቆመዋል። ነጩ ጠርሙስ ከኋላው ካለው ግድግዳ የሚለየው በስንዝር በማይሞላ መስመር ነው፤ እሱም መስመር የተሠመረ ሳይሆን ሁለት ቀለማት የተገናኙበት ጠርዝ ነው። ከታች አካባቢ ጠርዙ ይጠፋል፤ ጠርሙሱና ጠረጴዛው አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ከጎኑ ያለው ሣጥን ከፊት ይሁን ከኋላ ዓይን ወዲያው አይለይም፤ ትከሻቸው በአንድ መስመር ላይ ተገጣጥሟል። ተመልካቹ ሳያውቀው አንገቱን ወደ ጎን ያዘነብላል፣ በሥዕል ውስጥ ካለ ዕቃ ጀርባ ማየት የሚቻል ይመስል። ይህን ለማድረግ ሠዓሊው ማታለያ አልተጠቀመም። ጣሳውን ሁለት ጣት አንቀሳቀሰ፣ አየው፣ እንደገና አንቀሳቀሰ።

ርዕስ እንኳ አልሰጣቸውም። ሁሉም ማለት ይቻላል ወይ «ናቱራ ሞርታ» (ስቲል ላይፍ) ናቸው ወይ «ፓኤዛጆ» (መልክዓ ምድር)፤ ከዚያ ዓመቱ ብቻ።

ትንሽ ሸራ የሚያስገድደው ነገር

በትንሽ ልክ የሚሠሩ ሠዓሊዎች አዘውትረው የሚያነሡት አንድ ነገር አለ፤ ትንሽ ሥዕል ትልቁ ሥዕል ተጨምቆ የሚገኝ አይደለም። ሌላ ሥራ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ብሩሽ ሁለት ሜትር ሸራ ላይ አንድ ጊዜ ቢያልፍ ከሩቅ የማይታይ ጭረት ነው። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር በሆነ ሰሌዳ ላይ ያው ብሩሽ ያው መስመር የአንድ ጠርሙስ ሙሉ ጎን ነው፤ የአንድ ኮረብታ ጀርባ ነው። ስለዚህ ስሕተት መደበቂያ የለውም። በትልቁ ሸራ ላይ አንድ ጥግ ደካማ ቢሆን ሌላው ጥግ ይሸከመዋል። እዚህ ግን ቶኑ (የቀለሙ የድምቀት መጠን) ትንሽ ከጨለመ ጠርሙሱ ወደ ፊት ይዘላል፣ ትንሽ ከነጣ ይጠፋል።

የቀለሙ ኬሚስትሪም የራሱን ሕግ ያመጣል። የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። ሁሉም ቀለም በእኩል ፍጥነት አይደርቅም። አምበር የሚባለው ቡናማ አፈር ማንጋኒዝ ስላለበት ቶሎ ይደርቃል፤ ቲታንየም ነጭ ቀናት ይዘገያል። ትልቅ ሥዕል የሚሠራ ሰው ከታች ስስ፣ ከላይ ዘይት የበዛበት እያደረገ ወራት ይሠራል፤ ሥርዓቱን ካፋለሰ ከዓመታት በኋላ ሥዕሉ ይሰነጠቃል። በትንሽ ሰሌዳ ላይ በአንድ መቀመጫ የሚጨርስ ሠዓሊ ግን ሁሉንም በእርጥቡ ያገናኘዋል። የሞራንዲ ጠርሙስ ጠርዝ ለስልሶ ወደ ግድግዳው የሚገባው እርጥብ ነጭ እርጥብ ግራጫን ስለነካ ነው። ይህን ነገ መሥራት አይቻልም።

ሠዓሊዎች ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው የሚመለከቱትም ቶኑን በትክክል ለመያዝ ነው። ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ትልልቁ የብርሃንና የጥላ ክፍፍል ብቻ ይቀራል። በትንሽ ሰሌዳ ላይ ከዚያ ሌላ የሚሰፍር ነገር የለም፤ የቅጠሉን ቁጥር ለመሥራት የተነሣ ሰው ዛፉን ያጣዋል።

ፀሐይ የማትጠብቀው ሠዓሊ

ከቤት ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል። ጠርሙስ ይጠብቃል፤ ደመና አይጠብቅም።

ፈረንሳዊው ፒየር አንሪ ደ ቫለንሲየን በ1800 ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ ከተፈጥሮ ፊት የሚሠራ ጥናት ከሁለት ሰዓት መብለጥ እንደሌለበት አጥብቆ መከረ፤ የፀሐይ መውጫ ወይም መግቢያ ከሆነ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከዚያ በላይ የቆየ ሠዓሊ የሚሥለው የሌለ ነገር ነው፤ የጠዋቱን ጥላ ከእኩለ ቀኑ ብርሃን ጋር አጣምሮ የትም የማይታይ ሰዓት ይፈጥራል። በሁለት ሰዓት የሚያልቅ ሥዕል ደግሞ ትንሽ መሆኑ ግድ ነው። የመልክዓ ምድር ጥናቶች ትንሽነት ከዚህ የመጣ ነው፤ ልካቸውን የቆረጠው ፀሐይዋ ናት።

እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል በ1821 እና በ1822 ሃምስቴድ በሚባለው የለንደን ከፍታ ላይ ሆኖ የደመና ጥናቶች ይሥል ነበር። ወረቀቱን በቀለም ሣጥኑ ክዳን ውስጥ ይሰካል፤ ሣጥኑን ጭኑ ላይ ያደርጋል። ሲጨርስ ጀርባው ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስና አየሩ ምን እንደሚመስል ይጽፋል። የአየር ጠባይ ጥናት ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን፣ ሉክ ሃዋርድ ለደመናዎች ስም ካወጣ ሃያ ዓመት እንኳ ባልሞላበት ጊዜ፣ ይህ የሠዓሊ ሥራ የተመራማሪ ማስታወሻም ነበር። ኮንስታብል እነዚያን ወረቀቶች ለሽያጭ አላወጣቸውም፤ ለትልልቆቹ ሸራዎቹ መማሪያ ናቸው። ዛሬ ግን ትልልቆቹን አልፈው ወደ እነዚያ ደመናዎች የሚሄዱ ሠዓሊዎች ጥቂት አይደሉም። ይህ ጸሐፊም ምርጫቸው ትክክል ነው ይላል፤ በትልልቆቹ ሸራዎች ላይ ያለው ሰማይ በስቱዲዮ ውስጥ የታሰበበት ሲሆን በወረቀቶቹ ላይ ያለው ሲነፍስ ይታያል።

በኮንስታብል ዘመን ቀለም የሚያዘው በአሳማ ፊኛ ነበር። ፊኛው ተበስቶ ይጨመቃል፤ ከተከፈተ በኋላ ቀለሙ ይደርቃል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። በ1841 ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ የቆርቆሮ ቱቦ ፈጥሮ የባለቤትነት መብት አወጣ። ከዚያ በኋላ ስቱዲዮውን ሙሉ በትከሻ ላይ አንግቶ መሄድ ተቻለ።

> በሁለት ሰዓት የሚያልቅ ሥዕል ትንሽ መሆኑ ግድ ነው። ልኩን የቆረጠችው ፀሐይዋ ናት።

የትንሽ ሥዕል ታሪክ በክብር የተሞላ ብቻ አይደለም። በነሐሴ 1889 በሜልቦርን፣ አውስትራሊያ፣ ቶም ሮበርትስ፣ አርተር ስትሪተንና ቻርልስ ኮንደር ከጓደኞቻቸው ጋር አንድ ትዕይንት ከፈቱ። ከቀረቡት 183 ሥራዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በሲጋር ሣጥን ክዳን ላይ ነው፤ ዘጠኝ ኢንች በአምስት፣ ማለትም ሃያ ሦስት ሴንቲ ሜትር በአሥራ ሦስት ገደማ። የትዕይንቱም ስም ከዚሁ ልክ ተወሰደ። በከተማው ተሰሚነት የነበረው ሐያሲ ጄምስ ስሚዝ ሥራዎቹን ያላለቁ ናቸው ብሎ ክፉኛ ነቀፋቸው። ሠዓሊዎቹ ትችቱን ቆርጠው በአዳራሹ መግቢያ ላይ ለጠፉት፤ ሰውም እየጎረፈ መጣ። ዛሬ እነዚያ የሲጋር ሣጥን ክዳኖች በአውስትራሊያ ታላላቅ ሙዚየሞች ተሰቅለዋል።

ጠርሙሱና ጦርነቱ

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፤ ማንሣትም አለበት። ሞራንዲ ጠርሙስ ሲደረድር የአገሩ ጦር ወዴት እየዘመተ ነበር?

በጥቅምት 1935 የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ። በየካቲት 1937 አዲስ አበባ ውስጥ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ተፈጸመ። በዚያው ዓመት የአክሱም ሐውልት ተወስዶ ሮም ላይ ተተከለ። ፋሺዝም ትልቅ ነገር ይወድ ነበር። ማሪዮ ሲሮኒን የመሰሉ ሠዓሊዎች በ1935 የሮም ዩኒቨርሲቲን አዳራሽ በመሰሉ ቦታዎች ላይ የመንግሥቱን ታላቅነት የሚያውጅ ግዙፍ የግድግዳ ሥዕል ይሥሉ ነበር። ሞራንዲ በእነዚያ ዓመታት የሠራው እንደ ወትሮው ጣሳና ጠርሙስ ነው።

ከዚህ ተነሥተው ሞራንዲን ተቃዋሚ የሚያደርጉት አሉ። ታሪኩ ግን እንዲህ ንጹሕ አይደለም። በ1928 በቦሎኛ በሚታተም የፋሺስቶች ጋዜጣ ላይ ባወጣው አጭር የሕይወት ታሪኩ በፋሺዝም ላይ እምነት እንዳለው ጽፏል። በ1930 በቦሎኛ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የብረት ቅርጽ ኅትመት መምህርነቱን ያገኘው ያለ ውድድር ነው፤ እስከ 1956 አስተማረበት። በ1939 በመንግሥት በሚዘጋጀው የሮም ኳድሪየናሌ ትዕይንት ሁለተኛ ሽልማት ተሰጠው። በሌላ በኩል በ1943 ከፀረ ፋሺስት ምሁራን ጋር ባለው ወዳጅነት ተጠርጥሮ ለጥቂት ቀናት ታስሯል።

የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ ዛሬም አይስማሙም። ዝምታ ተቃውሞ አይደለም፤ አገሩ በሌላው ሕዝብ ላይ መርዝ ጋዝ ስታዘንብ ያላሰማው ድምፅ በጠርሙስ አይካስም። ይህ ሁሉ ተብሎ ግን ሸራዎቹ ላይ ያለው እውነት እውነት ነው፤ አንዱም ጠርሙስ ለዘመቻ አልተሰለፈም። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይከብዳል። ሥዕሎቹን ለመውደድ ግን ሰውየውን ጻድቅ ማድረግ አያስፈልግም።

በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እሱንም ደረሰበት። በ1943 ቦሎኛ በቦምብ ስትደበደብ ቤተሰቡ ወደ ግሪዛና ሸሸ፤ ከ1913 ጀምሮ በአውሮፓ በጋ የሚወጡባት የአፔኒን ተራራ መንደር። እዚያ ብዙ መልክዓ ምድር ሣለ። ነጭ የአቧራ መንገድ፣ መስኮት የሌላቸው የሚመስሉ የቤት ግድግዳዎች፣ አረንጓዴው የደበዘዘ ቁጥቋጦ። ሰው የለባቸውም። በሩቅ ያለውን ለማየት የርቀት መነጽር ይጠቀም ነበር ይባላል፤ እርግጥም ኮረብታዎቹ ከጠረጴዛ ላይ ዕቃ እኩል ቀርበውና ጠፍጥፈው ይታያሉ። በ1944 መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መጀመሪያ የጀርመን ኤስ ኤስ ወታደሮች በሞንቴ ሶሌ አካባቢ፣ ግሪዛናን ጨምሮ በሦስት ወረዳዎች፣ ከ700 በላይ ሲቪሎችን ገደሉ። በ1943 የተሣሉት ባዶ መንገዶች ይህን አያውቁም። የሚያያቸው ሰው ግን ያውቃል። መንደሯ ከ1985 ጀምሮ ግሪዛና ሞራንዲ ትባላለች።

የአዲስ አበባ ብርሃን

ብዙ የአውሮፓ የሥዕል መጻሕፍት አንድ ምክር አላቸው፤ መስኮትህ ወደ ሰሜን ይሁን። ከምድር ወገብ በስተሰሜን በጣም ርቆ ለሚገኝ አገር ምክሩ ልክ ነው። ፀሐይ በአብዛኛው በደቡብ በኩል ስለምትዞር በሰሜን መስኮት የሚገባው ብርሃን በብዛት ከሰማይ የተበተነ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ምክር ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ በኛ አቆጣጠር፣ በቀትር ፀሐይዋ ያለችው በሰሜን በኩል ነው። በሰሜን መስኮት ስር ጀበናውን ያስቀመጠ ሠዓሊ ያን ጊዜ ጥላው ከእጁ እያመለጠ ይቸገራል። በዚህ ላይ ክረምቱ አለ፤ ደመናው ሲሸፍን ብርሃኑ ልስልስ ይላል፣ ሲከፈት ጠረጴዛው በፀሐይ ይነደፋል። በስስ ነጭ አቡጀዲ መስኮቱን መጋረድ ብዙዎች የደረሱበት መፍትሔ ነው።

ወደ ውጭ የሚወጡትም የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ አየሩ ስስ ነው፤ ጥላ እንደ አውሮፓ ሜዳ አይለሰልስም፣ ቁርጥ ያለ ነው። ምሽቱም ቸኩሎ ይመጣል። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉ ወርቅማ የሚሆንበትን ሰዓት ለመያዝ የሚወጣ ሠዓሊ የቫለንሲየንን ግማሽ ሰዓት እንኳ አያገኝም። ከቤት ከመውጣቱ በፊት ሰሌዳውን በቀይ አፈር ቀለም ቀብቶ ያደርቃል፤ ነጭ ሰሌዳ በዚያ ፀሐይ ዓይን ይወጋል፣ ቶኑንም ያሳስታል። በሦስት ወይም በአራት ትልልቅ ቅርጾች ይጀምራል፦ ሰማይ፣ ጋራ፣ የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ መንገድ። ጣሪያው ከሰማዩ ይነጣል ወይስ ይጨልማል የሚለውን ጥያቄ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ካልመለሰ ቀሪው ሥራ ከንቱ ነው። አዲስ ቆርቆሮ በቀትር ከሰማይ ይነጣል፤ የዛገው አይነጣም።

ወጣት ሠዓሊዎች ወደ ትንሽ ልክ የሚመጡት ብዙ ጊዜ በኪስ ምክንያት ነው። ጥሩ የዘይት ቀለም ከውጭ ነው የሚገባው፤ ዋጋው አይቀመስም። ሁለት ሜትር ሸራ የሚፈጀው ነጭ ቀለም ለብዙ ትናንሽ ሰሌዳዎች ይበቃል። ስቱዲዮ የሌለው ደግሞ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ አልጋና ምድጃ መሃል፣ ጉልበቱ ላይ ይሠራል። በችግር የተጀመረው ግን በምርጫ ይቀጥላል፤ አንድ ዓመት ጀበና ላይ የቆየ ሠዓሊ ወደ ትልቁ ሸራ ሲመለስ ቀለም ማባከን አይችልም ይላሉ መምህራኑ።

ገዢዎች ዘንድ ያለው ስሜት የተከፋፈለ ነው። የጋለሪ ሰዎች እንደሚሉት ለቢሮና ለሆቴል የሚገዛ ሰው በግድግዳው ልክ ነው የሚጠይቀው፤ ትንሽ ሥዕል ለእሱ ቦታ የማይሞላ ነው። ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣ ወገን ግን ሻንጣ የሚገባለትን ይመርጣል። የፍሬም ባለሙያዎች ሌላ ነገር ያነሣሉ፤ ትንሽ ሥዕል ከእጥፉ የሚሰፋ ወፍራም ወርቅማ ፍሬም ሲገጠምለት ይታፈናል፣ ባዶውን ሲሰቀል ደግሞ በሰፊ ግድግዳ ላይ ይጠፋል። ቀጭን እንጨት፣ በሥዕሉና በእንጨቱ መሃል ጣት የማያስገባ ክፍተት፣ በቆመ ሰው ዓይን ትይዩ መስቀል፤ ከዚህ ያለፈ አያስፈልገውም። ከሁሉም በላይ ግን ከሶፋ ጀርባ እንዳይሰቀል ይመክራሉ። ሶፋ ሰውን አንድ ሜትር ተኩል ያርቃል፤ ከዚያ ርቀት ጀበና መሆኑ ይታያል እንጂ የጀበናው አንገት ከግድግዳው ጋር የተገናኘበት ጠርዝ አይታይም። በኮሪደር፣ በበር አጠገብ፣ ሰው ጫማውን ሲያስር ወይም ቁልፍ ሲፈልግ ቆም በሚልበት ቦታ ላይ ሲሰቀል ግን በቀን ደጋግሞ ይታያል።